ከዛጔ እስከ ኽምራ፤ የዋግ ስሞች ታሪክ

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ይህ አባባል ለሕፃን ስም በሚወጣበት ቀን ደስ የሚያሰኝ ምርቃት ነው፤ ታሪክን ለሚመረምር ሰው ግን በቂ መልስ አይሆንም። መርማሪው አንድ ታላቅ ስም ባጋጠመው ጊዜ፥ ይህን ስም ያወጣው ማን ነው? ያወጣበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ስሙ የሚጠራው በባለቤቱ አፍ ነው ወይስ በጎረቤቱ? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ደጋ ለመውጣት አስበናል። ዋግን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ይህ ምድር፥ ገዢዎቹና ሕዝቡ በየዘመኑ በሦስት ታላላቅ ስሞች ሲጠሩ ኖረዋል፤ እነርሱም ዛጔ፥ ዋግሹምና ኽምራ ናቸው። እነዚህ ሦስት ስሞች የተገኙት ከሦስት የተለያዩ አፎች ስለሆነ፥ ስማቸውን ማወቅ ታሪካቸውን ለማወቅ የመጀመሪያው በር ነው።

አስቀድመን ስለ ቤተ ዘመድ ስም ጥቂት እንናገር። በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው ከግል ስሙ በኋላ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ የቤተ ዘመድ ስም ይሸከማል። ከነዚህ ስሞች ብዙዎቹ የተወሰዱት ከመንደር ስም ነው። በሰሜን እንግሊዝ ዋሺንግተን የምትባል ቦታ አለች፤ በ12ኛው ምዕት ዓመት አንድ ባላባት ይህችን ቦታ ይዞ ስሟን ለቤቱ ስም አደረገው። ከዚያ ቤት የተወለዱት ልጆች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ፤ ከነርሱም የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ተወለደ፤ በእርሱም ስም ዋና ከተማ ተሠራ። ከመንደር ወደ ሰው የተሻገረው ስም ከሰው ወደ ከተማ ተመልሶ ተሻገረ ማለት ነው።

በእኛ አገር ልማድ ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ነው። የልጅ ልጁ የአያቱን ስም በአፉ አይሸከመውም፤ ሲጠየቅ ብቻ ይቈጥረዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ጋር የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በልማዱ ጸንቶ ቀረ፤ ዛሬም በየመዝገቡ የምናየው የራስና የአባት ስም፥ አልፎ አልፎም የአያት ስም ተጨምሮበት ነው።

ታዲያ በቤተ ዘመድ ስም የማይጠራ አገር የአንድን ታላቅ ቤት ክብር ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት አሻገረ? በጥንት ዘመን ለዚህ የሚሆን አንድ መንገድ ነበረ። የአክሱም ነገሥታት በድንጋይ ጽሕፈታቸው ከስማቸው ቀጥሎ «ብእሲ» የሚል ቃል ጨምረው አንድ ልዩ መጠሪያ ያስከትሉ ነበር። ዔዛና «ብእሲ ሐሌን» ተብሎ የተጻፈው በዚህ ሥርዓት ነው። ንጉሥ ላሊበላም ከዔዛና በኋላ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በተነሣ ጊዜ በዚሁ ሥርዓት «ብእሲ ዐዛል» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ይህም የላስታ ነገሥታት ራሳቸውን የአክሱም ወራሾች አድርገው ይቈጥሩ እንደ ነበር የሚያመለክት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። ላሊበላ ገብረ መስቀል በሚል ስመ መንግሥት ሲጠራ፥ የአባቱንም ስም ሲያወሳ፥ «ብእሲ ዐዛል» ሲባልም እናገኛለን፤ «ዛጔ ነኝ» ሲል ግን አናገኝም። ይህን ነገር ፈረንሳዊቷ የታሪክ ሊቅ ማሪ ሎር ደራ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ አጥብቃ ተመልክታዋለች። ዛጔ የሚለው ስም የሚገኘው ነገሥታቱ ካለፉ በኋላ በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስሙ ዛጉዬ፥ ዛግዌ እየተባለም ይጻፋል። ብዙ ሊቃውንት የተቀበሉት ፍቺ ከግእዝ የመጣ ነው፤ «ዘ» የሚለው አገናዛቢ «አገው» ከሚለው ስም ጋር ተገጥሞ «የአገው የሆነ» ማለት ነው። እንግዲህ ዛጔ የሚለው ስም በውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው ያወጣው ስም ነው። ባለቤቱ ስለ ራሱ ሲናገር «የአገው የሆነ» ሊል አያስፈልገውም፤ እንዲህ የሚለው ሌላው ነው። ከዚያም በኋላ መንግሥቱ የዳዊትና የሰሎሞን ዘር ነኝ ወደሚለው ቤት በተላለፈ ጊዜ፥ ይህ ስም ያለፈውን መንግሥት ከአዲሱ ለይቶ ለማሳየት ተስማሚ ሆነ። ስሙን የያዙት ጸሐፊዎች ናቸው እንጂ ልጆቹ አይደሉም።

አገው የሚለው ስም ግን ከዛጔ እጅግ የቀደመ ነው። በ6ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ በዚያ የነበረውን የግሪክኛ የድንጋይ ጽሕፈት ገልብጦ ነበር። ስሙ ያልቀረልን አንድ ንጉሥ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች በሚዘረዝርበት በዚያ ጽሕፈት ውስጥ «አታጋው» የሚል ስም ይገኛል፤ ሊቃውንትም ይህን ከአገው ጋር አንድ ያደርጉታል። ኮስማስ ራሱም የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ሰዎችን ሳሱ ወደሚባል አገር ልኮ ወርቅ ያስመጣ እንደ ነበር ጽፏል። ነጋዴዎቹ ከብት፥ የአሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የአገው ምድር ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የንግድ መንገድ ጠባቂ እንደ ነበረ ነው።

ይህ ስም ዛሬ ከዋግ ርቆ ተሠራጭቶ እናገኘዋለን። በጎጃም በኩል አገው ምድር በሚባለው አገር የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸውን አዊ፥ ቋንቋቸውንም አውንጊ ይሉታል። ሰባት ቤት አገው የሚባሉትም እነርሱ ናቸው። እንደ አባቶች ትውፊት ሰባት ወንድማማቾች ከላስታና ከዋግ በኩል መጥተው አገሩን ተካፈሉት፤ አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ቋቁራ፥ መተከል፥ ዚገምና ቻራ የሚባሉትም የእነርሱ ቤቶች ናቸው ይባላል። ከነዚህ ስሞች አንዳንዶቹን ዛሬ በወረዳ ስም እናገኛቸዋለን። በኤርትራ በከረን ዙሪያ የሚኖሩት ብሊኖችም ቤት ታርቄና ቤት ጣቍዌ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ቤቶች ይከፈላሉ፤ የቤት ታርቄ ሰዎች አባታችን የመጣው ከላስታ ነው ብለው ይተርካሉ። በጎንደር ዙሪያና በጭልጋ ያሉት ቅማንቶች፥ በቋራም የነበሩት ቤተ እስራኤል ከዚህ ወገን የሆነ ቋንቋ ሲናገሩ ኖረዋል። የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ሁሉ የመካከለኛው ኩሽ ቋንቋዎች በሚል ስም በአንድ ቤተ ሰብ ያስቀምጧቸዋል።

ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። አገው የሚለው የጋራ ስም ሁሉን ያቅፋል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ አገር ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ሌላ ስም አለው፤ አዊ፥ ብሊን፥ ቅማንት፥ ኽምራ እያለ። ስሙ በሠፊው የተሠራጨ ቢሆንም ቋንቋው ግን በየቦታው እኩል አልጸናም። የቅማንት ቋንቋ ዛሬ የሚነገረው በጥቂት ሽማግሎች አፍ ነው፤ የቋራውም ቋንቋ ከአፍ ጠፍቷል። በአንጻሩ ደግሞ አማርኛ ራሱ ከአገው ቋንቋ የወረሳቸውን ቃላት ይዞ ይኖራል። «ዶሮ» የምንለውን ቃል ብሊኖች «ድርዋ» ይሉታል፤ ሊቃውንትም አማርኛው ከአገውኛ የተቀበለው ነው ይላሉ። አገውኛን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በፋሲካ ቀን የአገውኛ ቃል በገበታው ላይ አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስም፥ ወደ ዋግሹም እንመለስ። ቃሉ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። ዋግ የምድሩ ስም ነው፤ ሹም ደግሞ ሾመ ከሚለው ግሥ ወጥቶ የተሾመ ሰው ማለት ነው። ስንዴን የሚያጠፋው በሽታ ዋግ መባሉን የሚያውቅ ገበሬ ወይም ተማሪ ሁለቱን ስሞች ለማዛመድ ይፈተን ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ቃላት በድምፅ መግጠማቸው ብቻ የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። በስም ጥናት ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት በዚህ ድንጋይ ነውና አንባቢዎቻችን እንዲጠነቀቁ እናሳስባለን።

የዋግሹም ስም አስደናቂነት ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው። ሹም ማለት ንጉሥ የሾመው፥ ንጉሥም ሊሽረው የሚችል ሰው ማለት ነው። በዋግ ግን ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ ወይም ወደ ቅርብ ዘመድ የሚወርድ የዘር ርስት ነበር። ቃሉ «የተሾመ» ይላል፤ ነገሩ «የወረሰ» ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የአገሩ ትውፊት ለዚህ መልስ አለው። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑን በያዘ ጊዜ ከቀድሞው ንጉሣዊ ቤት ጋር ቃል ኪዳን ተደረገ፤ የዛጔ ልጆች ዙፋኑን ለቀው ምድራቸውን ለዘለዓለም ያዙ ይባላል። ከ1769 እስከ 1772 እ.ኤ.አ. በአገራችን የነበረው እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ይህን ውል ሰምቶ ጽፎታል፤ በእርሱ ጽሑፍ ለዛጔው መስፍን የተሰጠው ምድር ላስታ ነው። የዋግሹም ልዩ ክብርም ሲነገር ኖሯል፤ ነጋሪት ያስመታል፥ በንጉሡም ፊት በብር ወንበር ይቀመጣል ተብሏል።

የታሪክ ሊቃውንት ግን ነገሩን በጥንቃቄ ያዩታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት በሚናገረው መጽሐፋቸው የመንግሥቱ መተላለፍ በጦርነት እንደ ሆነ ገልጸዋል፤ የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥም በጋይንት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ። እንግዲህ በሰላም የተደረገ ቃል ኪዳን ነበረ የሚለው ትውፊትና በደም የተጠናቀቀው ታሪክ እንዴት ይስማማሉ? በእኛ አስተያየት ሁለቱን የሚያስማማቸው ይህ ስም ራሱ ነው። ያሸነፈው ቤት «ሹም» በሚለው ቃል የበላይነቱን አስጠበቀ፤ የተሸነፈው ቤት ደግሞ ምድሩን ከስሙ ጋር አቆራኝቶ ውርሱን አስጠበቀ። ሁለቱም ወገን በአንድ ቃል ውስጥ ድርሻውን አገኘ። ለዚህም ነው ዛጔ የሚለው ስም በመጽሐፍ ብቻ ሲቀር ዋግሹም የሚለው በሕዝብ አፍ ለብዙ ዘመናት የኖረው።

ይህ ዓይነት ማዕረግ በዋግ ብቻ የነበረ አይደለም። የአምባሰል ጃንጥራር፥ የዐጋሜ ሹም፥ የተምቤንም ሹም ሁሉ ከምድራቸው ጋር የተሰፉ ማዕረጎች ነበራቸው። በእንግሊዝ የመንደር ስም የቤተ ዘመድ ስም እንደ ሆነ ሁሉ፥ በእኛ አገር የምድርና የሹመት ስም የቤተ ዘመድን ስም ሥራ ሠርቷል። በላስታ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ እናገኛለን፤ ሮሐ ትባል የነበረችው ከተማ በንጉሡ ስም ላሊበላ ተባለች። በዋግ ምድር ስሟን ለሰው ሰጠች፤ በሮሐ ሰው ስሙን ለምድር ሰጠ።

የስሙን ሥራ በምሳሌ እንመልከት። በ19ኛው ምዕት ዓመት መካከል ዋግሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደሉ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፍተው በላስታና በዋግ ኃይላቸውን አደረጁ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ባለፉ ጊዜም ዙፋኑን ይዘው አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ። በዚያን ጊዜ የዋግሹምነቱ ስም ከእርሳቸው ወደ ኋላ ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው ሹም ሊባል አይችልምና። መንግሥታቸው ግን ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቈየ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ በአሰም ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል ተነሡ፤ ካሣም በኋላ አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ተባሉ። ድል አድራጊው የተሸናፊው ሚስት የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም ነበሩ። የተክለ ጊዮርጊስ ዙፋን ቢወድቅም የዋግሹም ወንበር ግን አልወደቀም፤ ከዚያ በኋላም በሰቆጣ ዋግሹም ተብለው የተሾሙ ነበሩ።

ከነርሱም አንዱ ዋግሹም ከበደ ናቸው። የእርሳቸው ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዋግንና የላስታን አርበኞች መርተው ተዋጉ፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። ጠላት ራሳቸውን አስቈርጦ ለሕዝብ መታያ አደረገው። ልጃቸው ወሰን ኃይሉም በኋላ ዋግሹም ተብለዋል። አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ስሞች ተራ በተራ አስተውል፤ ከበደ፥ ኃይሉ ከበደ፥ ወሰን ኃይሉ። በሦስተኛው ትውልድ የአያቱ ስም ከመጠሪያው ወጥቷል። አያትንና የልጅ ልጅን በአንድ ስም የሚያስተሳስራቸው ዋግሹም የሚለው የማዕረግ ስም ብቻ ነው። የቤተ ዘመድ ስም በሌለበት አገር የቤቱን ታሪክ ተሸክሞ የኖረው ይህ ቃል ነበር።

ይሁን እንጂ ከምድር ጋር የተሰፋ ስም የምድር ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይለወጣል። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ ታወጀ። የዘር ሹመትና የጉልት ሥርዓት አከተመ። ዋግሹም የሚለውም ስም ከሥልጣን ስምነት ወጥቶ የታሪክ ስም ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሦስተኛው ስም፥ ኽምራ፥ ወደ ፊት ወጣ። ይህ ስም አዲስ አይደለም፤ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ራሱን የሚጠራበት ስም ነው። ቋንቋውንም ኽምጣጛ ይለዋል። የኦስትሪያው ሊቅ ሌኦ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለዚህ ቋንቋ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ስሙን የኻሚር ቋንቋ ብሎት ነበር። እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድም እ.ኤ.አ. በ2006 የአገው ቋንቋዎችን ሁሉ የሚያነጻጽር መዝገበ ቃላት አሳትሟል። በሌላው አገር ሊቃውንት የሚያውቁት ይህ ስም በአገሩ መንግሥት መዝገብ ላይ የተጻፈው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። ዛሬ የአማራ ክልል አካል የሆነው የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የጥንቱን የምድር ስምና የሕዝቡን ስም አጣምሮ ይዟል፤ ዋና ከተማውም ሰቆጣ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የነዋሪው ብዛት ከ426 ሺሕ በላይ ነበር። ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ኽምጣጛ፥ ብዙዎቹም አማርኛ ይናገራሉ። ኽምጣጛም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል።

ስሙን በፊደል ስለ መጻፍ አንድ ቃል እንጨምር። በየጽሕፈት ቤቱ ኽምራ፥ ኸምራ፥ ሕምራ፥ ኻሚር እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። ሰቆጣም ሶቆጣ ተብላ ተጽፋለች፤ የፈረንጆች የጥንት ካርታም እንዲሁ ነው የሚለው። የኽምጣጛ መጨረሻ ድምፅ በአፍንጫ የሚወጣ ሲሆን በአማርኛ ፊደል ተራ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ለብሊንና ለሌሎቹ የአገው ቋንቋዎች የተዘጋጀው «ጘ» የተባለው ፊደል ይጻፍለታል። አንዳንዱ ሰው ይህን ከንቱ ድካም አድርጎ ሊቈጥረው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ስሙ በአራት ዓይነት የተጻፈ ሰው መዝገቡ አራት ቦታ ይበተናል፤ ከዚያም ባለጉዳይ ሆኖ በመጣ ቀን አንተ አይደለህም ይባላል። በአንድ ሰው ላይ የሚደርሰው እንዲህ ያለው ጉዳት በሕዝብም ስም ላይ ይደርሳል።

ሰቆጣም በዘመናችን ስሟን ከዋግ ድንበር አሻግራለች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሕፃናት በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭሩ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማድረስ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። በዚህ ስም ዛሬ ሰቆጣን አይተው የማያውቁ ሐኪሞችና መምህራን በብዙ ወረዳ ይሠራሉ። የዋግ ስም በትውፊት ከአንድ ቃል ኪዳን ጋር ተያይዞ እንደ ኖረ ሁሉ፥ የሰቆጣም ስም ከሌላ ቃል ኪዳን ጋር ተያይዟል። የፊተኛው ለገዢው ቤት የተገባ ነበር፤ የኋለኛው ለሕፃናት የተገባ ነው። ስለዚህ የሰቆጣን ስም የሚያከብረው በሰነድ ላይ መጻፉ ሳይሆን የገባውን ቃል መፈጸሙ ነው።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነውን ባጭሩ ስናጠቃልለው፥ ዛጔ ጸሐፊ ያወጣው ስም ነው፤ ዋግሹም ቤተ መንግሥትና ባላባት በአንድነት የተስማሙበት ስም ነው፤ ኽምራ ግን ባለቤቱ ራሱን የጠራበት ስም ነው። ሦስቱም የአንድ ምድር ታሪክ ክፍሎች ስለሆኑ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይገባም። የላስታን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተምር መምህር ዛጔን ሲያነሣ ነገሥታቱ ራሳቸውን በዚህ ስም እንዳልጠሩ ለተማሪዎቹ ይንገራቸው። ስለ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ የሚያስተምርም የዋግሹምን ትርጉም ያስረዳ። በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ጸሐፊም የአንድን መንደር ወይም የአንድን ባለጉዳይ ስም ከመጻፉ በፊት ባለቤቱን «እናንተ ራሳችሁ እንዴት ትጠሩታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። በሰቆጣ ገበያና በዝቋላ፥ በደሃናና በአበርገሌ መንደሮች የኽምጣጛን ቃልና የየተራራውን ስም አስተካክለው የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። የቅማንትን ቋንቋ ዕድል ያየን ሰዎች፥ እነርሱ ሳያልፉ ጠይቀን መጻፍ እንደሚገባን ልንዘነጋ አንችልም።